የዘለልኩት ዓረፍተ ነገር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለነፍስ አባቴም ቢሆን። በየዓመቱ እጾማለሁ፣ እናዘዛለሁ፤ ይህችን ግን ሁልጊዜ ውጬ እመለሳለሁ። ዛሬ ለእርስዎ፣ ለሚያነቡኝ፣ እናገራለሁ።

ትምህርት የጀመርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ከገባሁ በኋላ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ፊደል አይንቅም፤ እኔ አራት ነጥብ እንኳ አልዘልም ነበር። ለዚህ ነው ከቅዳሴ በኋላ ትልልቆቹ የእንግሊዝኛ ደብዳቤያቸውን ለእኔ የሚያመጡት። እትዬ አስካለ፣ "ልጄን ሳስነብበው በእንግሊዝኛ ነው የሚያስረዳኝ፤ ምን ልጠቀም?" እያሉ ያስቁኝ ነበር።

እትዬ አስካለ ከከተማው ዳር፣ ዋይንድሃም ቬል የሚባል ሰፈር፣ ባዶ ቦታ ነበራቸው። ሟቹ ባለቤታቸው ፋብሪካ በፈረቃ ሠርተው የገዙት ነው። ከልጃቸው ጋር ቤት ሠርተው ሊጦሩበት ያስቡ ነበር። ለካውንስሉ፣ ለአካባቢው ማዘጋጃ ቤት፣ የሚከፈለውን የቦታ ግብር ግን ለዓመታት አልከፈሉም። ክፈሉ ስላቸው ይስቁብኛል፦ "ቤት የለበት፣ ቆሻሻ አያወጣ! ለሣሩ ነው የምከፍለው?"

አንድ እሁድ ሌላ ደብዳቤ አመጡ። በተባለው ቀን ካልከፈሉ ካውንስሉ ቦታውን በጨረታ እንደሚሸጥ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረበት። ያን ሰሞን ኮሌጅ ስለ ንብረት ሕግ እማር ነበር። ግብር ያልተከፈለበትን መሬት አድፍጠው ጠብቀው በርካሽ የሚገዙ ሰዎች እንዳሉ መምህራችን ነግሮናል። ብሬብሩክ ሰፈር የተከራየሁትን ቤት ደግሞ ልቀቂ ተብያለሁ። ይህ ምክንያት ይሆነኛል? አይሆነኝም። እሳቸው የሚከፍሉት አላጡም፤ ያጡት የሚነግራቸው ሰው ነው።

ዘለልኩት። ዓይኔ ስቶ አይደለም፤ አንብቤ፣ ገብቶኝ፣ ዘለልኩት።

"ያው የተለመደው ማሳሰቢያ ነው" አልኳቸው።

"የሣሩ ነዋ!" ብለው ሳቁ። ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ከተቱ።

የጨረታው ቀን ለቤት ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ይዤ ሄድኩ። እጄን አነሳሁ። ቦታው የእኔ ሆነ።

ካውንስሉ ከሽያጩ ላይ ግብሩን ቀንሶ የተረፈውን ሲልክላቸው ያንንም ደብዳቤ ይዘው ወደ እኔው መጡ። መሸጡን ስነግራቸው የቤተ ክርስቲያኑ አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ።

"ያኔ ያነበብሽልኝ ላይ እንሸጣለን ይላል እንዴ?"

"አይልም።"

"አንቺ ካላየሽው የለም ማለት ነው" አሉ። የቀድሞውን ወረቀት ሌላ ሰው ዘንድ ወስደው አላስመረመሩትም። እኔን አመኑ።

"የተረፈውን ገንዘብ አግኝተዋል፤ ሕጉም ይፈቅዳል" እያልኩ ራሴን ስደልል ኖርኩ። ሕጉ ጨረታውን ፈቀደ እንጂ መዝለሌን መቼ ፈቀደ? ቤት መሥራቴን ሲሰሙ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። የት እንደሠራሁ አልነገርኳቸውም። አንድ ቀን እንኳ ቤቴ አልጠራኋቸውም። ዛሬም ደብዳቤ ያመጡልኛል፤ ዛሬም አነብላቸዋለሁ። የእኔ ንጽህና እሳቸው ፊት ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ውሸት ነው።

እርስዎን ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እርስዎን አይደለም። ቦታውም ቤቱም ምን ይሁን የሚሉት እሳቸው ናቸው፤ ያሉትን አደርጋለሁ። እትዬ አስካለ አማርኛ አሳምረው ያነባሉ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይህን ወረቀት እሰጣቸዋለሁ። መነጽራቸውን አድርገው፣ በራሳቸው ዓይን አንብበው እስኪጨርሱ ፊታቸው እቆማለሁ።