ጥለቱ ከታች ነበር

ዳኛ መሆኔን የሰማሁት ከምስር ላይ ጠጠር ስለቅም ነው። የምርመራው ካድሬ በሩ ላይ ቆሞ፣ «አንቺ የፎቶ ቤቷ! ዳኝነት ተሰጥቶሻል» አለ። በክፍሏ ያለን ሴቶች ሁሉ ሳቅን። እኔ ራሴ ገና ዳኛ ፊት አልቀረብኩም ነበር።

ከመያዜ በፊት ጎንደር አራዳ፣ አንድ ፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም አጥብ ነበር። የያዙኝም ማጠብ የማይገባሽን ፊልም አጥበሻል ብለው ነው። ካድሬው ደግሞ ለጋዜጣ ፎቶ የሚያነሡ ሦስት ሰዎች ያቀረቡትን የውድድር ሥራ ገምግም ተብሎ ኖሯል።

«እኔ ፎቶ ምን አውቄ! እስከ ማታ አንደኛውን ምረጪና ምክንያቱን ንገሪኝ» አለና ሦስት አቃፊ ሰጠኝ። የላይኛውን መታ መታ አድርጎ፣ «ይኼኛው ደህና ይመስለኛል» ብሎ ሄደ።

ብርሃን የሚገባው በአንዲት ጠባብ መስኮት ነው። ከሥሯ የሚቀመጡት እማማ ነበሩ፤ ልጅሽ ጫካ ገብቷል ተብለው ከጃናሞራ ተይዘው የመጡ እናት። ካድሬው በቅርቡ፣ «ልጅሽ ካለቀለት ወር አልፎታል። ሬሳው እዚያው አገርሽ፣ መካነ ብርሃን ገበያ መሐል ተጋድሞ ሰው ሁሉ አይቶታል። ከእንግዲህ ማንን ትደብቂያለሽ? ስንቅ ያቀበሉትን ስማቸውን ንገሪን» ብሏቸዋል። ከዚያ ወዲህ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አድርገው፣ እህል ሳይቀምሱ ይውላሉ። ልባቸው እየተሰበረ፣ አንደበታቸውም ሊፈታ እንደተቃረበ ሁላችንም አውቀናል። አንደበታቸው ከተፈታ ደግሞ ስንት ቤት እንደሚዘጋ እግዚአብሔር ይወቀው።

ብርሃኑን ፈልጌ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው አቃፊ መድረክ፣ ባንዲራ፣ የተነሣ ክንድ ነው። ጥርት ያለ ሥራ ነው፤ ግን አንዱን ያየ ሁሉን አይቷል። በሁለተኛው ገበሬዎች ማጭድ ይዘው ይስቃሉ። እማማ በዐይናቸው ጫፍ አዩና፣ «ምነው፣ አጫጅ የክት ልብሱን ለብሶ ያጭዳል? አዝመራ ነው ሠርግ?» አሉ። ከብዙ ዝምታ በኋላ የሰማሁት ቃላቸው ነው።

ከሦስተኛው አንድ ፎቶ አወጣሁ። ጀርባው ላይ «መካነ ብርሃን፣ ያለፈው ሳምንት ሰልፍ» ተብሎ ተጽፏል። ሰማዩ ደምኗል። ሴቶቹ መፈክሩን ትተው እርስ በርስ ያወራሉ፤ አንዷ አፏን በእጇ ከልላ ትስቃለች። እማማ ከእጄ ነጠቁኝና ወደ መስኮቱ አስጠጉት።

«እህቴ ናት።»

«የትኛዋ?»

«የምትስቀው። ልጄን ያሳደገችው እሷ ናት። ነጠላዋን እዪው እስቲ።»

አየሁ። ጥለቱ ከታች ነው። ጸጉሯም አዲስ ተሠርቷል።

ጠንቃቃ ነኝና፣ «ፈርተው ይሆናል እኮ፣ እማማ። ማልቀስ ተከልክሏል ይባላል» አልኩ።

«ማን? እሷ ናት የምትፈራ? ባሏ የሞተ ጊዜ የቀበሌው ሊቀመንበር ልጅ ሠርግ ላይ አዘቅዝቃ ገብታ አዝማሪውን ጸጥ ያደረገች! ልጄ ገበያ ላይ ተጋድሞ እሷ ሹሩባ ተሠርታ ትገለፍጣለች? ወግጂ፣ አንቺ ከተሜ!»

ፎቶውን መለሱልኝ። ከዚያ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አነሡና ቀስ ብለው ገለበጡት። ጥለቱ ወደ ታች ወረደ። «በሉ ያችን ምስር ወዲህ አምጧት፤ ከነጠጠሯም ሸጋ ናት» አሉ።

እኔ ግን ጭንቅ ያዘኝ። ያንን ፎቶ አንደኛ ካልኩት ካድሬው አተኩሮ ያየዋል፤ ውሸቱን ያጋለጠበት እሱ መሆኑንም ይደርስበታል። መጨረሻ ካደረግኩት ፍርድ አጓደልኩ። አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ሦስቱንም እንደገና አየሁ። እማማን ባላውቃቸውም የምመርጠው ያንኑ ነበር። በዚህ ዛሬም አልጠራጠርም።

ማታ ካድሬው ሲመጣ ሦስተኛውን አቃፊ፣ ያንን ፎቶ ከላይ አድርጌ ሰጠሁት።

«ለምን ይኼ?»

«የሌሎቹ ሰዎች ካሜራውን ነው የሚያዩት። እነዚህ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ሳያውቅ የተነሣ ሰው አይዋሽም፣ ጓድ።»

ፎቶውን ብዙ አየው። ከዚያ ዐይኑ እማማ ላይ አረፈ።

«ሐዘንሽን ጨረስሽ?»

«የሰጠኸኝን ጨርሻለሁ» አሉ እማማ።

«ስሞቹን ትነግሪኛለሽ ብዬ ነበር።»

«ስማቸውንማ ለእመቤቴ ነግሬያታለሁ። ከቻልክ እሷን ጠይቅ።»

በሩን በኃይል ዘግቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ደጋግመው ወስደዋቸዋል። ሲመለሱ በሰው ተደግፈው ይገባሉ። ከአገራቸው ግን በእሳቸው ቃል ተይዞ የመጣ አንድም ሰው አላየንም።

እኔ ስፈታ እማማ የልጃቸውን የክርስትና ስም በጆሮዬ ነገሩኝ፤ «በጸሎትሽ አንሺልኝ» ብለው። ዛሬ ያለሁት ቤተ ክርስቲያን ለመሳም ባቡር እየቀያየሩ በሚሄዱበት አገር ነው። አደራውን ግን አላጎደልኩም፤ ስሙን የማነሣው ከሕያዋን ጋር ነው።

በዚያች ክፍል የነበራችሁ፣ በዚያም ሰልፍ የቆማችሁ እህቶቼ፣ የእማማ ልጅ ቤቱ መግባቱን የምታውቁ ካላችሁ ላኩብኝ። አለመግባቱን የምታውቁም ብትኖሩ አትደብቁኝ። እስከዚያው ድረስ ግን ከሕያዋን መካከል አላወጣውም።