አባቴ የመሰከረው ሪከርድ

የሀበሻ ሬስቶራንቶች ባሉበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ለምሳ ፓርክ አድርጌ ስወርድ፣ ልጄ የያዘው የቤዝቦል ጓንት የቆዳ ሽታ ፊቴን በሀፍረት አጋለው።

በልጅነቴ አንድ ሰሞን በየጨዋታው ኳስ መምታት ቀንቶኝ ነበር። አባቴ እሁድ ቸርች ውስጥ ለምስክርነት ተነሳና፣ «በቤዝቦል፣ በተከታታይ ጨዋታ ኳስ የመምታት ሪከርድ ለመስበር ከሁሉም ይከብዳል አሉ፤ ለጌታ ግን ምን ይሳነዋል? ልጄ ይሰብረዋል!» አለ። ጉባኤው እልል ሲል አንገቴን ደፋሁ። ሪከርዱ የፕሮፌሽናሎቹ ነው፣ የኔ ግን የሰፈር ልጆች ጨዋታ ነው ብዬ መናገር አፈርኩ። በሳምንቱ አንድም ኳስ ሳልመታ ወጣሁ፣ ተከታታይነቱም በዚያው ተቋረጠ፤ ለማንም አልተነፈስኩም።

ዛሬ ልንበላ የሄድንበት ሬስቶራንት በር ላይ የቸርቻችን ሽማግሌ ጋሼ ታደሰ ጓንቱን አዩና፣ «ልጄ፣ ያንን ሪከርድ ሰበርከው?» አሉኝ።

«ገና ነው፣ ጋሼ።»

«አይዞህ። እኔ መጸለዩን አንድም ቀን አላቋረጥኩም።»