አረር የምታለብስ ቢላ

አቦምሳ የሚኖሩት የአባቴ አጎት ከአባታቸው የወረሱት፣ በአፈ ሙዙ የሚጎርስ የድሮ ጠመንጃ አላቸው። ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ሲሄድ ደወሉልኝ። «ጨርሶ ሳይጨልምብኝ አንዴ ቅል ልምታበት። እራፊ የምቆርጥበት ቢላ ሥራልኝ።»

ባሩዱ ከገባ በኋላ በጮማ የታሸ እራፊ ጨርቅ አፈ ሙዙ ላይ ይነጠፋል፤ አረሩ በላዩ ተቀምጦ በአውራ ጣት ይጫናል፤ የተረፈው ጨርቅ ከብረቱ ጋር እኩል ይቆረጣል። ከተዘነጠለ አረሩ ወዳሻው ይሄዳል።

ቢላ መሥራት ያስተማረኝ የለም፤ አዳማ በምሠራበት ጋራዥ ብረት እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። ከመኪና ባሌስትራ የቀጠቀጥኩት ወፈረ፤ ሥጋ እንጂ ጨርቅ አይወድም። ከሴጌቶ፣ ከብረት መጋዝ ምላጭ የሳልኩት ደግሞ ጎበጠ። በመጨረሻ ከአሮጌ ሞረድ አንዲት ቢላ ወጣች፤ ከአመልካች ጣቴ አትረዝምም፣ እጀታዋ ወይራ፣ ጫፏ እንደ መርፌ። በጫፏ ኮራሁ።

መናኸሪያ ላይ ፈታሹ አገላበጣት።

«ይቺ ለምንድናት?»

«ለጨርቅ።»

«መቀስ አልቆ ነው ወንድሜ?» ብሎ ሹፌሩ ጋ አስቀመጣት።

አቦምሳ ደርሼ ቢላዋን ስዘረጋላቸው ሽማግሌው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ስለት እጅ በእጅ? ልንጣላ ነው? መሬት አድርጋት።» ሣሩ ላይ አኖርኳት፤ ዳብሰው አነሷት። ጫፏ ጋ ሲደርሱ ሳቁ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ለማያይ ሰው ሹል ይሠራል? አውራ ጣቴ እኮ እዚያው ነው ያለው!»

ያን የለፋሁበትን ጫፍ ድንጋይ ላይ ፈግፍገው አደነዙት። ከዚያ እጀታዋን በጠፍር አስረው አንገታቸው ላይ አንጠለጠሏት።

«ኪስ አይሻልም አባባ?»

«ኪሴን በዳበሳ እፈልገዋለሁ። ደረቴ የት ይሄድብኛል?»

ልጃቸው ቅሉን ማዶ ካለው ገደል ሥር ግንድ ላይ አስቀመጠ። እሳቸው ባሩዱን አጎረሱ። በግራቸው የጨርቁን ዳር ሰብስበው ወጠሩት፤ ቀኛቸው ቢላዋን ደረታቸው ላይ አገኛት፤ አንዴ ብቻ አለፈች። ጎንበስ ብዬ አየሁ። አንዲት ክር አልተረፈም። ስለት ስስል ነው የምውለው፤ እንዲህ ሲቆረጥ ግን አይቼ አላውቅም።

«ጥላው ይታየኛል» ብለው አነጣጠሩና ተኮሱ። ነጭ ጭስ ሁላችንንም ዋጠን፤ ለአፍታ እኔም እንደሳቸው ተጋረደብኝ።

«ተሰበረ» አሉ።

«አባ፣ ገና መች አየንና!» አለ ልጃቸው።

«እናንተ እዩ። እኔ ሰምቻለሁ።»

ጭሱ ሲገፈፍ ግንዱ ባዶውን ቆሟል፤ ስባሪው ሣሩ ላይ ተበትኗል። ልጃቸው ሮጦ አንዱን አምጥቶ መዳፋቸው ላይ አኖረላቸው። ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳበሱትና «ጋሪዳ» አሉ፤ መልካም ነው።

ከዚያ ጠፍሩን ከአንገታቸው አወለቁ። እጄን ልዘረጋ ስል ትዝ አለኝና ሰበሰብኩት። «አንዴ ነው ያልኩህ፤ በቃኝ» ብለው ቢላዋን እግሬ ሥር ሣሩ ላይ አኖሯት። ላነሳት ጎንበስ ስል ገና ጮማ ጮማ ትሸታለች።