ደወሉን የቀነስኩበት ቀን
ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይሆንልኝም። አባቴ «እሾህ ላይ ያስቀመጡት ይመስል» እያሉ ይተርቡኛል። በዚያ ክረምት እሳቸው ቡሬ አጠገብ ባለው ገጠራችን ታመው ተኝተዋል፤ እኔ ፍኖተ ሰላም፣ ኪራይ ቤቴ ውስጥ፣ አዲስ አበባ ያለ ሰርቨር በርቀት አስተካክላለሁ።

ሰርቨሩ የስልክ ድምፅ ያስተላልፋል። ንግግር በኢንተርኔት የሚሄደው ተቆራርጦ ነው፤ ቁርጥራጮቹን ፓኬት እንላቸዋለን። አንድ ፓኬት በመጣ ቁጥር ተቀባዩ የኔትወርክ ካርድ ለማሽኑ አንጎል፣ ለፕሮሰሰሩ፣ «መጣልህ» ብሎ ይደውልለታል። ደንበኛ ሲበዛ ማሽኑ ለደወሉ «አቤት» ሲል ውሎ ፓኬቱን የሚያነሳበት ጊዜ አጣ። ድምፅ ይቆራረጣል፣ አለቃዬ ይጮኻል፣ እኔ በየመሀሉ እናቴ ጋ እደውላለሁ።

«አባባ እንዴት አደሩ? እህል ቀመሱ?»

«አይ ልጄ! አንተ ስትዘጋ እህትህ፣ እሷ ስትዘጋ የደምበጫው አጎትህ። አጥሚቱ አረረብኝ እኮ። እኔ ስልክ ሳነሳ እሳቸውን ማን ያገላብጣቸው?»

ምን ይደረግ፤ በእኛ አገር ሰው ታሞ ያልጠየቀ ዘመድ ለቅሶ ቢመጣም ፊት አያገኝም።

ለሰርቨሩ መላ አገኘሁለት። ካርዱ ትንሽ ታግሶ፣ የመጡትን ፓኬቶች ሰብስቦ፣ ለሁሉም አንዴ እንዲደውል አደረግሁት። ብዙ ሲታገስ ድምፁ ይዘገያል፣ ጥቂት ሲታገስ ደወሉ ይበዛል፤ የትዕግሥቱን ልክ ከፍ ዝቅ ሳደርግ ዋልኩና ድምፁ ጠራ። ደስታው አናቴ ላይ ወጣ መሰል፣ ዘመዶቼን ሁሉ «እናቴን አታስቸግሯት፣ እኔ ማታ አንዴ ጠይቄ እነግራችኋለሁ» አልኳቸው።

በነጋታው ቀኑ አልመሽ አለኝ። ስልኩን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። አስፋልት ድረስ ወጥቼ ወደ ቡሬ የሚሄዱትን ሚኒባሶች አይቼ እመለሳለሁ። ከቀትር በኋላ እናቴ ራሷ ደወለች። ክው አልኩ።

«ምነዋ፣ ምን ሆናችሁ? ዛሬ አንድ ሰው እንኳ አልደወለም።»

«እንድታርፊ ብዬ ነው እማዬ። አጥሚቱም እንዳያር።»

«ቢያር ይረር! አባትህ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ‹ማነው?› እያሉ ቀና ይሉ ነበር። ዛሬ ‹ሐኪሙ ቁርጤን ነግሯቸው ነው ዝም ያሉት› ብለው ወደ ግድግዳው ዞረዋል። እህልም እምቢ።»

ላፕቶፑን እንደተከፈተ ትቼ መናኸሪያ ሮጥኩ። መኪናው እስኪሞላ ለዘመዶቼ ሁሉ ደወልኩ፤ ደውሉ አልኳቸው፣ አሁኑኑ፣ ሁላችሁም። ከከተማው እንደወጣን ወደ ቤት ሞከርኩ። የእናቴ ስልክ ተይዟል። ትንሽ ቆይቼ ደገምኩ፤ አሁንም ተይዟል። ያኔ ወንበሩን ደገፍ ብዬ ተቀመጥኩ።