የጉድጓድ ሕግና የእኔ ፊሽካ

ሰኞ ጠዋት ባንዲራ እንደተሰቀለ የስፖርት ቲቸራችን ጠራኝና «ቅዳሜ ከይርጋጨፌ ሴቶች ጋር ያለንን የቅርጫት ኳስ ጨዋታ የምትዳኚው አንቺ ነሽ» አለኝ። አዎ፣ እኔ! ቡድኑ ውስጥ የተቀያሪ ወንበር ከማሞቅ ሌላ ሥራ ያልነበረኝ ልጅ። ደስታዬን በጨዋነት ልይዘው ሞክሬ ነበር፤ አልሆነም፣ እስከ ክፍል ድረስ እየዘለልኩ ነው የሄድኩት።

ለዚህ ክብር ያበቃችኝ ታላቅ እህቴ ናት፣ ምስጋና ይግባት። እሷ ላይ ፊሽካ ነፍቼ ነው ያገኘሁት።

ለማታውቁት ላስረዳ። አንዲት ተጫዋች ኳስ እያነጠረች መጥታ በሁለት እጇ ከያዘች በኋላ ወይ ታቀብላለች ወይ ወደ ቅርጫቱ ትወረውራለች። እንደገና ካነጠረች «ደብል» ይባላል፣ ኳሱም ለተጋጣሚ ይሰጣል። ዓለም በዚህ ይተዳደራል። እኛ ዲላዎች ግን የተሻለ ሕግ አለን። የትምህርት ቤታችን ሜዳ ሲሚንቶው በዝናብ ተቦርቡሮ ኳስ ገብቶ የሚቀርበት ጉድጓድ ሞልቶታል። ስለዚህ ኳሱ ሲሞትባችሁ «ጉድጓድ!» ብላችሁ ትጮሃላችሁ፣ በሁለት እጅ ታነሱታላችሁ፣ እንደ አዲስ ታነጥራላችሁ። ማን እንዳወጣው አይታወቅም፣ ግን ሁሉም ያከብረዋል። እስቲ በዚህ ከተማ እንዲህ የሚከበር ሌላ ሕግ አሳዩኝ።

ባለፈው ወር ቲቸር ለልምምድ ዩኒቨርሲቲው ሜዳ ወሰደን። ፊሽካውን ለእኔ ሰጥቶ «ካወቅሽበት የይርጋጨፌዎቹን ጨዋታ ትዳኛለሽ፤ ካላወቅሽበት ወደ ወንበርሽ» አለኝ። ሜዳው አዲስ ቀለም የተቀባ፣ እንደ መስታወት ልሙጥ ነው። የቡድናችን አምበል፣ ማለትም እህቴ፣ እያነጠረች መጣች። ተከላካይ ስትዘጋባት ኳሱን በሁለት እጇ ያዘች፣ ግራ ቀኝ አየች፣ ከዚያ በሙሉ ልብ «ጉድጓድ!» ብላ ጮኻ ማንጠሯን ቀጠለች።

ነፋሁ።

«አንቺ! ጉድጓድ ብያለሁ እኮ!»

«የታለ ጉድጓዱ?»

በጫማዋ ጫፍ የተቀባውን መስመር አሳየችኝ። «እዚህ ጋ… ትንሽ ዝቅ ይላል።»

ልጆቹ ሁሉ ጎንበስ ብለው አዩ። ግማሾቹ ደግሞ «እውነቷን ነው» አሉ፣ አያፍሩም።

«ደብል ነው» አልኩ።

«ቤት እንገናኛለን!»

ትንሽ ቆይቶ እህቴ እያነጠረች ሳለ ተከላካይዋ ኳሱን መታ አስፈተለከችባት። እህቴም ሮጣ ደርሳበት እንደገና አነጠረች። አሁን ደግሞ ሜዳው በሙሉ «ደብል! ደብል!» እያለ ጮኸ። የሕግ ምሁር በአንድ ከሰዓት እንዲህ ይፈላል? እኔ አልነፋሁም።

«ለምን አልነፋሽም? እህትሽ ስለሆነች ነው?» አለኝ ቲቸር ከዳር ሆኖ።

ያቺ ወንበር ታየችኝ። ቢሆንም «ቲቸር፣ ሌላዋ ናት የመታችባት። እሷ ማንጠሯን አላቆመችም፣ ኳሱን በሁለት እጇ አልያዘችውም። መቀጠል ትችላለች» አልኩት። የእሱ መልስ እስከ ሰኞ ጠዋት ተቀምጦ ኖሯል።

እህቴ እስከ ዛሬ አታናግረኝም። ቤታችን እንዲህ ሰላም ሆኖ አያውቅም።

አሁን አንድ ጣጣ ብቻ ቀረ፤ የቅዳሜው ጨዋታ እዚሁ እኛ ሜዳ ላይ ነው። እንግዶቹ የጉድጓድን ሕግ ከየት ያውቁታል? ቲቸርን «ምን ላድርግ?» ብለው «ዳኛዋ አንቺ ነሽ» አለኝ። እንግዲያው ወስኛለሁ፤ ኳሱ ከሞተባት በኋላ በሁለት እጇ ያነሳች ሁሉ ማንጠሯ አብቅቷል፣ የፈለገችውን ትጩህ። የእህቴ ደጋፊዎች ሆይ፣ ይህ ካስቆጫችሁ ዓርብ ከትምህርት በኋላ አካፋ፣ አሸዋና ከግንባታ የተረፈ ሲሚንቶ ይዛችሁ ሜዳው ላይ እንገናኝ። ውኃውን እኔ አመጣለሁ።