ስቶክሆልም ላይ የተቀመጥነው ለቅሶ

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየማችን ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በሰኔ ነው። እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ሰው ስለ አባቱ ሲያወራ ሀብቱን ወይም ቁመቱን ያነሣል፤ እኔ ግን የማነሣው ያንን የሰኔ ሳምንት ነው።

አምቦ መምህርት ነኝ። አባቴ ኦቦ ቶሎሳ ግን ከአምቦ ወዲያ የጌዶ ሰው ነበር። ያርስ፣ በሬ ይነግድ ነበር፤ የሰፈሩም ዕድር ዳኛ ነበር። ከጌዶ ወጣ ብሎ በሚገኝ ክሊኒክ ለብዙ ዓመት የሠሩ ሲስተር ኢንግሪድ የሚባሉ ስዊድናዊት ነርስ ነበሩ። እኔንም ያዋለዱኝ እሳቸው ናቸው። ኦሮምኛቸው ከእኛ ከከተሜዎቹ ይጠራል፤ እኛ በየመሃሉ አማርኛ እንቀላቅላለን፣ እሳቸው ንክች አያደርጉትም። ጡረታ ወጥተው አገራቸው ከገቡ በኋላ “ኦቦ ቶሎሳ፣ ስንት ዓመት ቤትዎ በልቻለሁ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ቤቴን ይዩልኝ” ብለው የአውሮፕላን ቲኬት ላኩ። አባቴ ብቻውን አይሆንለትም ተብሎ እኔ ተከተልኩ።

የቆይታችን ጊዜ አራት ቀን ብቻ ነበር። የእርሻ ወቅት ስለሆነ አባቴ “ከዚህ በላይ አንድ ቀን አልጨምርም” ብሎ ድርቅ አለ።

እኔ ደግሞ በአራት ቀን ስቶክሆልምን ጠራርጌ ላያት ነው ሐሳቤ። ሲስተር ኢንግሪድ ፕሮግራሙን በስልክ ነግረውኛል። የንጉሡ ቤተ መንግሥት አለ፣ ጠባብ ጠባብ መንገድ ያለው አሮጌ ከተማ አለ፣ ከባሕር ሥር የወጣ የጥንት መርከብ የቆመበት ሙዚየም አለ፣ በደሴቶቹ መሃል የሚዞር ጀልባ አለ። እኔም አፌ አያርፍ፣ መምህራኑ ክፍል ገብቼ ለሁሉም አውርቼ ጨርሻለሁ። ካሜራ ተዋስኩ፣ ፀጉሬን ተሠራሁ፣ አዲስ ጫማ ገዛሁ።

የሲስተር ኢንግሪድ ቤት አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። ሻንጣችንን እየጎተትን ደረጃውን ስንወጣ አንዲት ጥቁር የለበሰች፣ ቀጭን፣ ረጅም አሮጊት ወደ ታች ስትወርድ አገኘናት። ዓይኗ ቀልቷል። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣት። ራሷን ነቅነቅ አድርጋ አለፈች።

“ምን ሆና ነው?” አለ አባቴ።

“ማርጋሬታ ትባላለች፤ ከእኔ በታች ነው የምትኖረው። ባሏ ሞቶባት ትናንት ተቀበረ” አሉ ሲስተር ኢንግሪድ።

“ዛሬ ማን አብሯት አለ?”

“ማንም የለም። አንድ ልጅ አላት፣ ሩቅ አገር ነው የሚኖረው። ለቀብሩ መጥቶ ዛሬ ጠዋት ተመለሰ።”

“ጎረቤትስ?”

“እዚህ ሐዘንተኛ አይረበሽም፣ ኦቦ ቶሎሳ። እኔ ቀብሩ ላይ ተገኝቻለሁ፣ አበባም አድርጌያለሁ። ከዚያ በኋላ ብቻዋን መሆን ትፈልግ ይሆናል ብለን እንተዋታለን።”

አባቴ ባርኔጣውን መልሶ ሳይደፋ የወረደችበትን ደረጃ ቁልቁል አየ። እንዲህ ሲያይ ደግሞ ያስፈራኛል።

በማግሥቱ ካሜራዬን አንግቼ ቁርስ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጫለሁ። አባቴ ጋቢውን ለሐዘን አዘቅዝቆ ለብሶ ከክፍሉ ብቅ አለ። ወይ ጉዴ!

“አባ፣ ወዴት ነው?”

“ለቅሶ።”

“የማንን ለቅሶ?”

“የጎረቤታችንን ነዋ። የሐዘንተኛ ደጅ ረግጠን አልፈን ሽርሽር ልንሄድ ነው? ምን ይሉናል?”

“ማን ነው የሚለን? ጌዶ ማን ይሰማል?”

“እኔ አለሁ አይደል?” አለኝ።

ሲስተር ኢንግሪድ ቡና ሊቀዱ ያነሡትን ጀበና መሳይ ነገር አስቀመጡና “ኦቦ ቶሎሳ፣ አታውቅዎትም እኮ” አሉት። አባቴም “ከራሷ በላይ አድሬ፣ ደረጃ ላይ ሰላምታ ተለዋውጠን፣ ከዚህ ወዲያ ምን ትውውቅ አለ?” አለ።

እኔ ምጥ ያዘኝ። መርከቡም ቤተ መንግሥቱም ይቅር፣ የፈራሁት ሌላ ነው። አባቴ ጌዶ ገበያ መሃል ሁለት የተጣሉ ሰዎች ካየ እጁን ሲያነሣ ዝም የሚባልለት ሰው ነው። ያን ሰው አንዲት የማታውቀው ፈረንጅ በር ከፍታ፣ አይታ፣ ፊቱ ላይ ጠርቅማበት ስትገባ ማየት አልፈልግም። አባቴ በስተርጅና፣ በሰው አገር፣ በሰው ፊት ሲዋረድ! እሱን ከማይ ባልመጣሁ ይሻለኝ ነበር።

“አባ፣ ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ ቢጭኑት አህያ፣ ቢለጉሙት ፈረስ ሲባል አልሰማህም?” አልኩት።

“ሰምቻለሁ። ሰው መሆኑን ይተዋል ግን አልተባለም” አለና ወደ ሲስተር ኢንግሪድ ዞረ። “ይልቅ ላንቺ ካመጣሁት ጭኮ ቁረሽልኝ። ባዶ እጅ ለቅሶ ቤት አይገባም።”

ጭኮው እናቴ ገብስ ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ በንጥር ቅቤ ለውሳ የላከችው ነው። ኤርፖርቱን እንዴት እንዳለፈ እግዜር ይወቅ። ሲስተር ኢንግሪድ ሳቃቸው መጣ፤ እንባም ያቀረሩ መሰለኝ። ቆርሰው በሳሕን አደረጉለትና ሦስታችንም ወረድን።

ደወሉን አባቴ ራሱ ተጫነው። በሩ ትንሽ ተከፈተ። ሲስተር ኢንግሪድ ፊታቸው ቀልቶ በስዊድንኛ አንድ ሁለት ቃል ሲሉ አባቴ አላስጨረሳቸውም። ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በኦሮምኛ “ዋቀዮ፣ እግዜር ያጽናሽ” አላት። ሲስተር ኢንግሪድ ተረጎሙ።

ሴትየዋ አየችው። ጋቢውን አየች፣ ሳሕኑን አየች። እኔ ከኋላ ሆኜ “አምላኬ፣ እንዳትዘጋበት፣ እንዳትዘጋበት” እላለሁ። ከዚያ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለችና አሳለፈችን።

ጫማችንን አውልቀን ገብተን ተቀመጥን። አባቴ እንደ አገሩ ወግ ምንም አይናገርም፤ መሬት መሬት እያየ ይቀመጣል። ጥቂት እንደቆየን ሲስተር ኢንግሪድ ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ ይበቃል ማለታቸው ነው። አባቴ “ገና አሁን መቀመጣችን አይደል?” አላቸው። እኔ ጎኑን ጎሸም ባደርገው እንደ ዝንብ ቆጠረኝ።

ቆይቶ ግን ተነሣ። እፎይ፣ ልንሄድ ነው ስል፣ ወደ በሩ ሄዶ ወለል አድርጎ ከፈተው። በሩ ራሱ ተመልሶ የሚዘጋ ዓይነት ነው። አባቴ የራሱን ጫማ አንሥቶ እንዳይዘጋ ሥሩ ወተፈበትና ተመልሶ ተቀመጠ።

ሴትየዋ ደንግጣ ሲስተር ኢንግሪድን አየቻቸው። “ምን ማድረግዎ ነው?” አሉት ሲስተር ኢንግሪድ። “የለቅሶ ቤት በር ተዘግቶ ሰው በየት ይግባ?” አለ አባቴ። ይህ ሲተረጎምላት ሴትየዋ ፈገግ እንደማለት ብላ አጭር ነገር ተናገረች። ሲስተር ኢንግሪድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ማንም አይመጣም ነው የምትለው” አሉን።

“እስከ ዛሬ ተዘግቶ እንዴት ይምጣ?” አለ አባቴ።

ብዙም አልቆየ፣ ከላይኛው ፎቅ የሚኖር አንድ ግዙፍ ሰውዬ አስቤዛውን በከረጢት ይዞ፣ ውሻውን እየሳበ በደረጃው ሲያልፍ ክፍቱን በር አየ። ቆመ። አንገቱን ሲያስገባ ያየው አባቴን ነው፤ በነጭ ጋቢ ተጠቅልሎ የሰው ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ ጥቁር ሽማግሌ። ፊቱ ተለዋወጠ። እጁን ወደ ኪሱ ሰዶ ስልኩን ሲያወጣ፣ በቃ ፖሊስ ሊጠራብን ነው አልኩ።

አባቴ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ብድግ አለለት! የራሱን ወንበር በእጁ እያሳየ “ኮቱ፣ ና ግባ፣ ግባ” ይለዋል፤ ልክ ከሩቅ፣ ከካቺሲ በእግሩ ተጉዞ የመጣ ለቀስተኛ እንደሚቀበል ሰው። ሰውዬው ግራ ገባው። ሴትየዋን አያት። እሷም አንድ ነገር አለችው። ከዚያ እንደ ተማሪ አንገቱን ሰበር አድርጎ ገብቶ አባቴ በለቀቀለት ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ውሻውም ተከትሎ ገባ። አባቴ ፊቱን ያጠቆረው ለውሻው ብቻ ነው።

አባቴ ጭኮውን አቀረበለት። ሰውዬው ጎረሰ። አኘከ፣ አኘከ፣ ከዚያ ደግሞ ጎረሰ።

ሰውዬው ማውራት ጀመረ። ሲስተር ኢንግሪድ በኋላ እንደነገሩን፣ በክረምት ማለዳ ማለዳ ከደጃፉ ላይ በረዶውን የሚጠርገው ተቀጣሪ ሠራተኛ ይመስለው ነበር አሉ። ሴትየዋ “ባሌ ነበር እኮ፤ እንቅልፍ አይወስደውም፣ ተነሥቶ ይጠርግ ነበር” አለችው። ሰውዬው ክው አለ። ስንት ክረምት በዚያ መንገድ ሲወጣ ሲገባ፣ አንድ ቀን አመሰግናለሁ ብሎት አያውቅም። ሴትየዋ ሳቀች፤ ስትስቅ ስትስቅ ሳቋ ወደ ለቅሶ ዞረና ፊቷን በእጇ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። በልጇ ፊት እንኳ አላለቀሰችም ነበር አሉ።

እኔ ደነገጥኩ። አባቴ ግን “እሰይ፣ ይውጣላት” አለ።

ከዚያ በኋላ ደረጃውን የወጣ የወረደ ሁሉ በሩ ላይ ይቆም ጀመር። ሕፃን የታቀፈች ወጣት ገባች። ኮሌጅ የሚማሩ ሁለት ልጆች ገቡ። አንዲት ደርባባ ሴትዮ፣ ለካ ከማርጋሬታ ጋር በጋራው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ጉዳይ ተኳርፈው ዘመን አልፏል፣ እሷም ኬክ ይዛ መጣች። ወንበር አለቀ። ሰውዬው ከቤቱ ወንበር ተሸክሞ ሲወርድ ሳይ የጌዶ ዕድር ትዝ ብሎኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

አባቴ አንዲት ቃል አይሰማም። ግን ራሱን መነቅነቅ ባለበት ቦታ ይነቀንቃል፣ ከንፈሩን መምጠጥ ባለበት ይመጥጣል። “ምን እያሉ ነው?” ብዬ ሲስተር ኢንግሪድን ስጠይቃቸው “ቆይ ጫልቱ፣ እየሰማሁ ነው” ይሉኛል። ከራሳቸው ጎረቤቶች ጋር በወጉ የተዋወቁት ገና ያን ቀን ነበር።

አባቴ በየመሃሉ መስኮቱን ያያል። “ሲመሽ እንነሣለን” ይላል። ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ ፀሐይዋ ንቅንቅ አትልም። በመጨረሻ ሲስተር ኢንግሪድ “ኦቦ ቶሎሳ፣ በዚህ ወር እዚህ አገር እኩለ ሌሊት እስኪቃረብ አይመሽም እኮ” ሲሉት “እንዴ! ታዲያ ሰው መቼ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው?” አለ። ይህንን ለሁሉም ሲተረጉሙላቸው ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ሐዘንተኛዋም ሳቀች።

በማግሥቱም ወረድን። አኩርፌ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም፤ ካሜራዬ ሥራ ፈቶ ተሰቅሏል። ግን ስንደርስ በሩ ቀድሞ ተከፍቶ፣ ሰዎቹ ቀድመውን ተቀምጠው አገኘናቸው። አባቴን ሲያዩ ሁሉም ብድግ አሉለት። አባቴ በእጁ “በእግዜር፣ በእግዜር” እያለ ሲያስቀምጣቸው፣ ያ ሁሉ ኩርፊያዬ የት እንደገባ አላውቅም። ደረቴ ነፋ አለ። ያ ኦቦ ቶሎሳ የኔ አባት ነው!

በመጨረሻው ቀን ጠዋት አባቴ ለሴትየዋ “ለቅሶ ከተቀመጥን ዛሬ ሠልስት ነው፤ ካሁን በኋላ ሐዘንተኛ ከቤት ይወጣል” አላት። እሷም ካፖርቷን ለብሳ ወጣች። ወዴት ብትወስደን ጥሩ ነው? ወደ ጀልባው! ግዙፉ ሰውዬም ውሻውን ይዞ ተከተለን። በደሴቶቹ መሃል ስንዞር፣ ከባሏ ጋር ያርፉበት የነበረውን ዳርቻ፣ በወጣትነታቸው የዋኙበትን ድንጋይ እያሳየችን እያወራች ሄደች። አባቴን “እንዴት ነው ከተማችን?” ብላ አስጠየቀችው። እሱም ውሃውን ቃኘት አድርጎ “ከወንጪ ሐይቅ ይሰፋል” አለ። ከዚያ በላይ ምስጋና አልወጣውም።

ቤተ መንግሥቱንም መርከቡንም ሳናይ ተመለስን። አምቦ ስገባ መምህራኑ “ምን አየሽ?” ብለው ከበቡኝ። ለቅሶ ስንቀመጥ ሰነበትን ስላቸው የተሳቀብኝ ሳቅ አይነገርም። ይሳቁ፤ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አባቴ ጌዶ ላይ አረፈ። ከአምቦ፣ ከጉደር፣ ከካቺሲ ሰው መጥቶ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። በቀብሩ ማግሥት ስልኬ ጮኸ። ሲስተር ኢንግሪድ ናቸው፤ የማረፉን ወሬ ልኬላቸው ነበር። ካለቀሱ በኋላ “ጫልቱ፣ ብቻዬን አይደለሁም። ማርጋሬታ ቤት ነን። የፎቁ ሰው ሁሉ ለኦቦ ቶሎሳ ለቅሶ ተቀምጧል። እስከ ሠልስቱ አንነሣም” አሉኝ።

ስልኩን ዘጋሁና ድንኳኑ መሃል ቆምኩ። ለሽማግሌዎቹ፣ ለዕድርተኛው ሁሉ ስሙኝ ብዬ ተናገርኩ፤ “ለአባቴ ስቶክሆልምም ለቅሶ ተቀምጠዋል!” አልኩ። የሆነ ሽማግሌ “ይገባዋል!” አለ። በሰው አገር ይዋረድብኛል ብዬ ፈርቼለት ነበር፤ እነሆ የሰው አገር ተቀምጦ አለቀሰለት። ያን ዕለት ያለቀስኩትን ያህል አልቅሼ አላውቅም። ግን ቀና ብዬ፣ ኮርቼ ነው ያለቀስኩት። ዛሬም ስሙን ስጠራ ቀና ብዬ ነው።