ጸጥ ብላ የምትወርድ መኪና

አባቴ ቁልቁለት ሲደርስ ሞተሩን ያጠፋ ነበር። ማርሹን አላቆ ፎሌ ላይ ያደርግና ቁልፉን አዙሮ፣ መኪናዋ በገዛ ክብደቷ እንድትወርድ ይለቃታል። የፈራሁ ሲመስለው «ቁልቁለት የእግዜር ቤንዚን ነው» ይለኛል። ሳልፈራ የወረድኩበት ቀን አልነበረም።

መኪናዋ የእሱ አይደለችም። የአንድ የዳንግላ ነጋዴ አሮጌ ላንድሮቨር ነበረች፤ ቅቤና ማር ይጭንባታል፣ ቦታ ሲተርፍ ደግሞ ሰው ያሳፍራል። ቤንዚን በበርሜል ከሩቅ ስለሚመጣ፣ ክረምት ገብቶ መንገዱ ሲበላሽ ነጋዴው በርሜሉን እንደ እህል ጎተራ ይጠብቀዋል። ከአባቴ በፊት የነበሩትን ሾፌሮች ያሰናበታቸው ነዳጅ አበዛችሁ ብሎ ነው። አባቴ ይህን ያውቃል። ሰው ሲጠብቅ ሞተር አስነስቶ አይቆምም። ዳገት ሲቃረብ ከታች ጀምሮ ይንደረደራል። ትርፍ ጎማውን እንኳ ሸክም ነው ብሎ ቤት ይተወዋል። በገበያው «ቤንዚን የማይበላው ሾፌር» ይሉታል፤ እናቴ ይህን ስትሰማ ትኮራለች፤ እኔን ይጨንቀኛል።

ያን ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥቼ እንጅባራ አክስቴ ዘንድ ሰነበትኩና አባቴ ሊወስደኝ መጣ። ከፊት እኔ መሃል፣ ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ የመጡ አንዲት እማሆይ በበሩ በኩል ተቀመጥን። ጉሙ ከመንገዱ ላይ ገና አልተነሣም።

ቁልቁለቱ ሲጀምር አባቴ ሞተሩን አጠፋ። እማሆይ ደነገጡ።

«ምነው፣ ሞተች እንዴ?»

«አልሞተችም እማሆይ፤ እያረፈች ነው።»

«እሰይ! እንደ በቅሎ ሆነችልኝ። ያ ጩኸቷ ራሴን ሊፈልጠው ነበር።» ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «ይህችን ልጅ ግን እይልኝ! መሪውን የያዝኸው አንተ፣ የሚያልባት እሷ!»

አባቴ ሳቀ። «ትምህርት ነው እማሆይ። ሲማሩ ፍርሃቱንም አብረው ይማሩታል።»

በሰው ፊት መናገር ይከብደኛል። ቢሆንም ጎንበስ ብዬ፣ «አባባ፣ ማርሽ ቢያስገቡ አይሻልም?» አልሁት።

«ከታች ዳገት አለ፣ ልጄ። ፍጥነቷን ይዛ ካልደረሰች ያተረፍነውን ሁሉ እዚያ ትጠጣዋለች።»

የጎማው ድምፅ በእርጥቡ ጠጠር ላይ ይሰማል፤ ሌላ ድምፅ የለም። በየመታጠፊያው ፍሬን ሲረግጥ የተቃጠለ ጨርቅ የሚመስል ሽታ መጣ። ዓይኔን ከመንገዱ አንስቼ እግሩን አየሁ። ቀድሞ ነካ ያደርገው የነበረውን ፍሬን አሁን በሙሉ ጉልበቱ ይጫነዋል፤ መኪናዋ ግን አልሰማችውም። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ማርሽ ለማስገባት ሞከረ፤ ማርሹ ተንገጫግጮ አልገባም።

በዚህ መሃል ጉሙ ከፊታችን ትንሽ ገለጥ ሲል ነጭ የለበሱ ሰዎች መንገዱን ሞልተው አየሁ። ጀርባቸውን ሰጥተውን ይሄዳሉ። በመካከላቸው አራት ሰዎች በትከሻቸው ቃሬዛ ተሸክመዋል። ያለቅሳሉ፤ እኛን የሚሰማ የለም። የሚሰማም ነገር የለንም።

የአባቴ እጅ ወደ ጡሩምባው ሄደ፤ ሄዶም እላዩ ላይ ቆመ። ሬሳ ላይ የመኪና ጡሩምባ አይነፋም። ይህን ያሳደገው ሰው ሁሉ አስተምሮታል፤ እጁ ያንን ትምህርት በዚያች ቅጽበት እንኳ ሊረሳው አልቻለም። ከሁሉ ኋላ ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ትሄድ ነበር። የሕፃኑ ራስ ከነጠላው ወጥቶ፣ ወደ እኛ ዞሮ፣ ያየናል። እማሆይ ክንዴን ጨብጠው «ማርያም!» አሉ። እኔ «አባባ!» ብዬ ጮኽሁ።

መሪውን ወደ ጥጉ ጠመዘዘው። የመኪናዋ ጎን በመንገዱ ዳር ያለውን የአፈር ግድግዳ እየፋቀ ሄዶ ጎማዋ ቦይ ውስጥ ገባና ቆመች። ሴትዮዋ በእጅ የምትነካ ያህል ቅርብ ነበረች።

ያኔ ሰዎቹ ዞሩ። አንድ ሽማግሌ ከለቀስተኞቹ ተለይተው ወደ መስኮቱ መጡ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ። ሌሎቹ በላያችን እያጓሩ ነው የሚያልፉት። አንተ ለሟቻችን ክብር ሞተርህን አጥፍተህ፣ መንገድም ለቀህ ቆምህልን። ያንተንም አሟሟት ያሳምርልህ።»

አባቴ በሩን ከፍቶ ወረደና እሱኑ ተደግፎ ቆመ። ሽማግሌው ሐዘን መሰላቸውና ደገፉት። ከዚያ ወደ ቃሬዛው ሄዶ፣ ከተሸካሚዎቹ የአንዱን ቦታ ተቀብሎ፣ የማያውቀውን ሬሳ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ተሸከመ። እኔና እማሆይ ከምትሸተው መኪና ጋር ጉሙ ውስጥ ቀረን። እማሆይ ስለ ጸጥታዋ ዳግመኛ አላነሡም።

ሲመለስ ለቀስተኞች መኪናዋን ከቦይ ገፍተው አወጡልን። የቀረውን ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እየጮኸ ወረድን።

ከዚያን ቀን ወዲህ ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍቶ አያውቅም። ነጋዴው ግን ያስተዋለው የመኪናዋን ጥም ነው።

«ቁልቁለትም ቤንዚን ይበላ ጀመር?» አለው በሰው መሃል።

«ይበላል፣ ጌታዬ። ካልበላ ሰው ይበላል።»

ክረምቱ ሳይወጣ ነጋዴው መኪናዋን ለሌላ ሾፌር ሰጠ። አባቴ አልተከራከረም። አዲሱ ሾፌር ወጣት ነው፤ በቁጠባው ይመሰገናል፤ የአባቴንም ቅጽል ስም ወርሶታል።

አሁን ዳንግላ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤቴ የምደርሰው ከእንጅባራ በሚመጣው በዚያው መንገድ ዳር ዳሩን እየሄድሁ ነው። ተማሪዎቼ ስሄድ ደጋግሜ ወደ ኋላ በመዞሬ ይስቁብኛል። የጭነት መኪና ከሩቅ ሲያጓራ ስሰማ ደስ ይለኛል፤ መምጣቱን አውቃለሁና። የምዞረው መንገዱ ጸጥ ሲል ነው።